ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ



ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ለልጆች የምታሳየው አታጣም። ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ፣ የመርካቶ ግርግርና ከአጠገቡ የቆመው ታላቁ አንዋር መስጊድ ሁሉም የሚጎበኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ከከተማው ወጥተው ጥቂት ሰዓት በመኪና ቢጓዙ ምን እንደሚያገኙ አያውቁም። ቅዱስ ቁርኣን ግን በምድር ላይ ተጉዘን የአላህን (ሱ.ወ.) ሥራ እንድናስተውል ደጋግሞ ያሳስበናል። ስለዚህ በዚህ ወር ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምንተርክላችሁ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ከቤተሰቦቻችን ጋር ያደረግነውን ጉዞ ነው።

መንገዱ

ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። በጎጃም መንገድ ወጥተን፣ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ሙከ ጡሪ ስንደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍን። እስከ ለሚ ድረስ አገሩ የጤፍና የባቄላ ሜዳ ነው። ከለሚ በኋላ ግን ሜዳው በድንገት ተቆርጦ የጀማ ሸለቆ ይከፈታል። ልጆቹ ከመኪናው ወርደው ቁልቁል ሲያዩ ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ። «ሱብሓነላህ!» ያለችው የመጀመሪያዋ ትንሿ ልጅ ነበረች።

ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይና ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በለሚ የተመረቀው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ወደዚህ አካባቢ የመጣውም የኖራ ድንጋዩን ፈልጎ ነው። ጠዋት በደጋው ብርድ ጋቢ የለበስን ሰዎች ከወንዙ ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። ወደ ዓባይ በሚወርደው በጀማ ውኃ ውዱእ አድርገን፣ ዙህርን እንደ መንገደኛ አሳጥረን ሰገድንና ዳገቱን ተያያዝነው።

የገደሉ ነዋሪዎች

በገደሉ ጫፍ ያገኘናቸው ጭላዳ ዝንጀሮዎች የጉዞው ደስታ ነበሩ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። እንደ ከብት ሣር ይግጣል፤ ማታ ከአውሬ ለመሸሸግ በገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራል፤ ሲነጋም ወደ ሜዳው ይወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይለየዋል። ልጆቹ ዳቦ ሊወረውሩላቸው ሲሉ ከለከልናቸው። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን ማሳ ይዳፈራል፤ ጠቡም ለሁለቱም ጉዳት ነው። በዚሁ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይኖር አንድ የቆቅ ዓይነት ስላለ፣ ወፍ ተመልካቾች ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣሉ።

ከተማዋ

ዓለም ከተማ ከወንዙ ማዶ፣ ከፍ ባለ አምባ ላይ ተቀምጣለች። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ አገር ነው። መኪና የሚያስኬድ መንገድ በሌለበት ዘመን እንዲህ ባለ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት መሻገር ነበረበት። ምጥ የጠናባት እናት ምን ትሆን እንደነበር አንባቢ ይገምተው። በከተማዋ ያለው ሆስፒታል «እናት» መባሉን ስንሰማ ስሙ ተገቢ መሆኑን ወዲያው ተረዳን። በመርሐቤቴ ብዙ የልማት ሥራ የሠራው፣ ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው። በሙኒክ አጠገብ ያለችው የጀርመን ከተማ ፋተርሽቴተንም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ከተማ እህት ከተማ ሆናለች።

ማዕዱ

«እዚያ ምን እንበላለን?» የሚለው የሙስሊም መንገደኛ ሁሉ ጥያቄ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ብዙኃኑ ክርስቲያን ሲሆን፣ በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ረቡዕና ዓርብ በየምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን በዘይት ይሠራል፤ የመርሐቤቴ ጤፍ እንጀራም ለስላሳ ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስደሰተን ግን በእንግድነት የተቀበሉን እማማ ያደረጉት ነው። ዶሮውን ከነነፍሱ፣ ቢላዋውን አጥበው አመጡና «ልጆቼ፣ እናንተው በደንባችሁ እረዱ» አሉን። አዲስ ድስት አውጥተው ለሴቶቻችን ሰጡ። ለሌላው ጠላ ሲቀዳ ለእኛ ቡና ተፈላ። ይህ ለእኛ ተብሎ የተፈጠረ አልነበረም፤ በሠርግም በለቅሶም ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻው ማሳረድና ማዕዱን መለየት አባቶችና እናቶች ያቆዩት ወግ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት መጽሐፍ «መቻቻል» ሲባል ሰምተው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ያዩት ግን በዚያ ጓዳ ነው።

ለመሄድ ለምትሹ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአካባቢው መንገድ እንደ ቀድሞው አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ከአገሬው ሰው ይጠይቅ፤ ካልሆነም ይቆይ። አላህ ሰላሙን ሲመልስልን፣ በጠዋት ተነሱ፤ ቀላል ልብስና ጋቢ ሁለቱንም ያዙ፤ ፍሬን የተፈተሸ መኪና ምረጡ፤ ጀማን በብርሃን ተሻገሩ። ለእናቶቹም ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው።