አዳሪዎቹ

«ሰፈራችሁ የት ነው?» ሲሉን «አዲስ አበባ» ብለን እናልፋለን። ውሸታችንን ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ እየገፋ እየገፋ አንዳችንን ሱሉልታ፣ አንዳችንን ቡራዩ፣ አንዳችንን ሰበታ ጥሎናል። ጠዋት በታክሲ እንወጣለን፣ ማታ ለእንቅልፍ እንመለሳለን። አንድ ቀን ግን «የምናድርበትን አገር እስቲ በቀን እንየው» ተባባልንና እሑድ እሑድ መዞር ያዝን።

ከሱሉልታ ጀመርን። የጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሲወርድ ሜዳው ይዘረጋል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በመስከረም አደይ አበባ ይወርሰዋል፣ ከዚያ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። በማለዳ ሯጮች በቡድን በቡድን ያልፋሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ የልምምድ ማዕከሉን የሠራው እዚሁ ነው። እኛም ልንከተላቸው ሞክረን ነበር። ትንፋሻችን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ከዳን።

ቡራዩ በአምቦ መንገድ ነው። የገፈርሳ ግድብ እዚያ አለ፤ አዲስ አበባን ስንት ዘመን ያጠጣ ግድብ። ዳር ቆመን ፎቶ ተነሣን። ማታ ቤት ስንገባ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን።

ሰበታ ላይ ብዙ ቆየን። ከወጨጫ ተራራ ጎን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጥዱ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ከተማዋ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና የሜታ ቢራ አገር ናት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያበቃው እዚህ ነው።

ያን ዕለት የተከራየንበት ግቢ ዘበኛ አጠገብ ተቀምጠን ስናወራ «አባባ፣ እርስዎስ አገርዎ የት ነው?» አልናቸው። በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እዚሁ ነዋ። ይቺ የተቀመጣችሁባት የጤፍ ማሳዬ ነበረች» አሉን። ካሳ እንዳልተከፈላቸው ጠየቅን። «ተከፈለኝ እንጂ። ካሳውን በላነው፣ አለቀ። መሬቱን ስንበላው ግን አያልቅም ነበር።»

ምን እንላለን? በ2006 ዓ.ም. «ማስተር ፕላን» የሚባል ነገር ሲያናጋ በዜና ሰምተናል። ስንት ወጣት ሞቶበት በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ሲባልም ሰምተናል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» ሲባሉ፣ «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱም አይተናል፤ ያኔ የጨነቀን የራሳችን ጣሪያ ነበር። ከጣሪያው ሥር የማን ማሳ እንዳለ አልጠየቅንም።

እኛም አላፈናቀልንም፤ ከኪራይ የተፈናቀልን ነን። ግን አባባ በገዛ ማሳቸው ላይ እኛን ሲጠብቁ ያድራሉ፣ እኛ ተኝተን።

አሁን ጠዋት በራቸው ላይ ቆም ብለን «አካም ቡልተን» እንላቸዋለን፤ እንዴት አደሩ ማለት ነው። በአፍ ንግግራችን ይስቃሉ፣ ያርሙናል። ከዚያ ታክሲ ተሳፍረን እንሄዳለን። ሰፈራችንን ለሚጠይቀንም እውነቱን መናገር ጀምረናል፦ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ።

እናንተስ፣ ያደራችሁት የማን ማሳ ላይ ነው?