ባለ ጀርባው ቲቪ፣ ግራና ቀኙ እና ኮረም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቲቸር፣ ቤት ያለው አሮጌ ቲቪ አዲሱን ሪሲቨር ስናስገባበት ሰው ሁሉ ቀጭንና ረጅም ሆነብን፤ ምን ይሻላል?» ነው ነገሩ። ሦስቱም ቤት ያለው ያው ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሣው፣ ከኋላው ሆድ ያወጣው ባለ ጀርባ ቲቪ ነው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከምጽፍ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

መጀመሪያ ፊዚክሱን። አትሽሹ፣ ፈተና የለውም።

የድሮው ቲቪ መስታወት 4 በ 3 ነው። ባለ 21 ኢንቹ ላይ ሜትር ብታስቀምጡ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ገደማ ይመጣል። አሁን ጣቢያዎቹ የሚልኩት ሥዕል ግን 16 በ 9 ነው፣ ሰፊ ነው። ሰፊውን ሥዕል እዚያ ጠባብ መስታወት ውስጥ ለማስገባት ሪሲቨራችሁ ሦስት ምርጫ አለው። ወይ ግራና ቀኙን ይቆርጠዋል፤ ከወርዱ ሩቡ ይጠፋል። ወይ ላይና ታች ጥቁር አድርጎ ሙሉውን ያሳንሰዋል። ወይ ደግሞ ምንም ሳይቆርጥ መስታወቱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ነው ጋዜጠኛዋ እንደ ሸንበቆ የምትመዘዘው።

መቆረጡ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት በሳንቲም ገብተን በካሴት ያየናቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ተቆርጠው ነው የደረሱን። ለሲኒማ በሰፊው የተቀረጸ ፊልም ወርዱ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ከሲሶ ይሆናል። እሱን 4 በ 3 ላይ ሞልታችሁ ስታሳዩት ከመቶ 43 እጁ ውጭ ይቀራል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የአንዱን አፍንጫ ብቻ የምናየው ለዚያ ነበር። እኛማ የፊልሙ አሠራር መስሎን በአድናቆት ነው ያየነው።

እኔ ወደዚህ ጣጣ የገባሁት በአባባ ምክንያት ነው። አባባ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት አንዱ ናቸው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ወለዱን፣ ከመንግሥት ሥራ እዚሁ ጡረታ ወጡ። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል የወር ደሞዛቸውን ለቦንድ ሰጥተዋል፤ ወረቀቱ ዛሬም ከጋብቻቸው ፎቶ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። ግድቡ የሚገኘው በእኛው ክልል፣ ጉባ ነው። ነገር ግን ጉባ መተከል ነው፣ ከአባይ ማዶ። የመተከል መንገድ ደግሞ በመሀል ስንት ዓመት የሚያስደፍር እንዳልነበረ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አባባ ግድቡን የሚያውቁት በቲቪ ብቻ ነው።

አምና ክረምት ምርቃቱ ሲቃረብ ዜናው ሁሉ ግድብ ሆነ። ዋናው ግድብ ርዝመቱ 1,780 ሜትር፣ ከፍታው 145 ሜትር ነው። አካፍሉት፤ ርዝመቱ የከፍታውን 12 እጥፍ ይበልጣል። ከሰማይ ሲያሳዩት ሰፊውን ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል። የኛ ሪሲቨር ደግሞ የሚቆርጠው ላይ ነበር የተቀመጠው። አንድ ማታ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉ። «ይሄ ግድብ ከምን ይጀምራል? ተራራው የታለ? ዳርና ዳሩን ማን ወሰደው?» አሉኝ። 

ሪሞቱን ወስጄ ጥቁር የሚያደርገው ላይ አደረግሁት። ሙሉው መጣ፣ ግን ጽሑፉ የደበዘዘ ሆነ። ለምን መሰላችሁ? የኛ ቲቪ ሥርዓት ሥዕሉን የሚሥለው በ576 መስመር ነው። ሪሲቨሩ ላይና ታች ጥቁር ሲያደርግ 144ቱን መስመር ጥቁር ለመሣል ያባክነዋል፤ ለሥዕሉ የሚተርፈው 432 ብቻ ነው። የአባባ ዓይን ደግሞ እንኳን ተቀንሶ እንዲሁም አይበቃው።

አንድ ባለሙያ ጋ ወስጄ ሳማክረው «ጊዜህን አታጥፋ ቲቸር፣ ፍላት ግዛ» አለኝ። አልተሳሳተም። ግን ፍላቱ የሁለት ወር ደሞዜን ይበላል፤ መስከረም ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ በር ላይ ቆሟል።

እዚህ ጋ ነው የድሮው ቲቪ ጥሩ ጎን። ፍላት ቲቪ ነጥቦቹ በፋብሪካ ተቆጥረው የተተከሉ ናቸው፤ አይነቃነቁም። እኛን በእንግሊዝኛ እያጣደፈ ያስተማረን ፕላዝማም እንደዚያው ነበር (የኔ እኩዮች፣ ማስታወሻ ሳንጨርስ ገጹ ሲቀየር ትዝ ይላችኋል?)። ባለ ጀርባው ግን የተተከለ ነጥብ የለውም። ከኋላ የሚወጣ የኤሌክትሮን ጨረር አለ፤ አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ በማግኔት ኃይል ወደ ጎንና ወደ ታች እየገፋው መስታወቱ ላይ መስመር በመስመር ይሥላል። ወደ ታች የሚገፋውን ኃይል ብትቀንሱት 576ቱም መስመር እንዳለ ተጠጋግቶ ይሣላል። እንግዲህ ዘዴው ይሄ ነው፦ ሪሲቨሩን ሰው የሚመዘዝበት ምርጫ ላይ አድርጉት፣ ማለትም ሙሉውን ሥዕል በሙሉ መስመር ይላክ። ከዚያ ቲቪውን ራሱን ቁመቱን ከ30 ወደ 22.5 ሴንቲ ሜትር አውርዱት። ሸንበቆዋ ጋዜጠኛ ወደ ቁመናዋ ትመለሳለች፣ አንድም መስመር አልባከነም፣ ግራና ቀኝም አለ።

ውጭ አገር ሦስት ዓይን ያላቸው የድሮ ፕሮጀክተሮች ያሏቸው ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ባርኮና ሶኒ የመሳሰሉት የሠሯቸው፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ቱቦ ያላቸው ከባድ ማሽኖች ናቸው። እነሱ ጋ ሥራው ይብሳል፤ ቁመቱን በነካችሁ ቁጥር ሦስቱ ቀለሞች ይለያዩና እንደገና አንዱን ባንዱ ላይ ማጋጠም ነው። የኛ አንድ ቱቦ ስለሆነ ተገላግለናል።

አሁን ልብ በሉ። ሽፋኑን እንዳትከፍቱ! ቱቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ 25,000 አካባቢ ነው፤ ከሶኬት ነቅላችሁትም ተጠራቅሞ ይቆያል። ጉጉት ያለባችሁን ልጆች ስለማውቃችሁ ነው የምደግመው፦ አትክፈቱ። መክፈትም አያስፈልግም። መጨረሻ አካባቢ የወጡት ባለ ጀርባዎች በሪሞት የሚከፈት የጥገና ሜኑ አላቸው፤ አከፋፈቱ እንደየሠሪው ይለያያል፣ የየሞዴሉን ፈልጉ። ሲከፈት መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ያለውን ቁጥር ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሡት። ከዚያ የምትነኩት ቁመትን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማስተካከያውን፣ ወርድን፣ ከጠመመባችሁ ደግሞ የጎኑን መስመር ማቅኛ ነው። የማታውቁትን ስም እለፉት። ቁመቱንም ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ ሥዕሉ አንድ ደማቅ መስመር እስኪሆን ከተጨፈለቀ መስታወቱን ያቃጥለዋል።

ልኩን በዓይን አትገምቱ፣ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። እኔ ስልኬ ላይ 1920 በ 1080 በሆነ ሥዕል መሀል ላይ ወርዷ 960 ነጥብ የሆነች ክብ ሣልኩና በፍላሽ ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁ። የልጄን ማስመሪያ ይዤ መስታወቱ ላይ ለካሁ። ወርዷ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁመቷም 20 መሆን አለበት። የኛ ቲቪ ግን ቁመቱ ከ23 በታች አልወርድም አለ፤ ክቧ 20 በ 20.4 ሆነች። ማንም አያውቅባትም። ወርዱንም ትንሽ ቀነስኩት፤ እነዚህ ቲቪዎች ሲሠሩ ጀምሮ የሥዕሉን ጠርዝ ከመስታወቱ ውጭ ስለሚያፈሱት የኳስ ውጤት የሚጻፍበት ጥግ ይበላል። በመጨረሻ ኮንትራስቱን አወረድኩ። ያው ጨረር በጠበበ ቦታ ስለሚያርፍ ይደምቃል፤ የደመቀ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፤ መሀሉ ብቻ አርጅቶ ላይና ታቹ አዲስ ሆኖ ይቀራል።

ከሰዓት ጀምሬ መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ ማታ ላይ ጨረስኩ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ምርቃቱን አባባ በ23 ሴንቲ ሜትር ቁመት አዩት። ካሜራው ከላይ ሲያሳይ ተነሥተው ቀረቡና በጣታቸው ከግራ ተራራ ጀምረው ቀኝ ተራራ ላይ ቆሙ። «ደሞዜ እዚህ ጋ ይሆናል» ብለው አንዱን ቦታ ነካ አደረጉ። ሳቅን።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ስላለ ልጨምረው፣ ፍላት ያላችሁንም ይመለከታል።

አንድ ጣቢያ ስለ 1977ቱ ረሃብ ፕሮግራም ያሳይ ነበር። ጥቅምት 1977 ኮረም ላይ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ዓለምን ያስደነገጠው ፊልም መጣ። ያኔ ፊልሙ የተቀረጸው ለ4 በ 3 ቲቪ ነው። ጣቢያው ግን ጎንና ጎኑ ጥቁር እንዳይሆን ብሎ ወደ ጎን ለጥጦ ሞልቶታል። አባባ ትንሽ ዝም ብለው አዩና «እኛ እንዲህ ነበርን እንዴ?» አሉ። ከዚያ ደግሞ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «እንዲህስ አልነበርንም።»

ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 በ 3ን ወደ 16 በ 9 ስትለጥጡት ሁሉም ነገር ወርዱ በሲሶ ይጨምራል። ሦስት ጣት የሚሆን ክንድ አራት ጣት ይሆናል። ጉንጭ ይሞላል። የጎድን አጥንት ይራራቃል። የተራበ ሰው ትንሽ የበላ ይመስላል። ለጥጦ የሞላው ባለሙያ ክፋት የለበትም፣ ጥቁር ጎን አስቀያሚ መስሎት ነው። የዛሬ ልጅ ግን ያንን አይቶ «ያን ያህልም አልከሱም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ሜኑውን ከፈትኩና ቁመቱን ወደ ድሮው 30 መለስኩት። ለጥጠው የላኩት ሥዕል በ4 በ 3 መስታወት ሲሞላ የተለጠጠው ልክ ተመልሶ ይገጥማል። ፊቶቹ ከዓይናችን ሥር ጠበቡ። አንዲት እናት ታዝላለች፣ ክንዷ እንጨት ሆነ። አባባ «አዎ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው አዩት። እማማ ግን ወጥታ ጓዳ ገባች።

ፍላት ያላችሁ ሪሞታችሁ ላይ የሥዕሉን ቅርጽ የሚቀይር ቁልፍ አለ። የድሮ ፊልም መጥቶ ሰዎቹ ደልደል ካሉባችሁ 4 በ 3 በሉት፤ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሆናል፣ ሰዎቹ ግን ልካቸውን ያገኛሉ። ባለ ጀርባ ያላችሁ የሁለቱን ቁመት ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ በፕላስተር የሪሞቱ ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አንዱ «ዛሬ» አንዱ «ድሮ» ይላል። አባባ ሜኑውን ራሳቸው መክፈት ገና አልለመዱም፤ ከሳሎን «አንተ ልጅ፣ ድሮውን አምጣ!» ሲሉ ነው የምሮጠው።