ተቀባዮቹን ይዩልኝ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የቡሄ ዕለት ልጆች ደጅዎ መጥተው ሆያ ሆዬ ሲሉ ዓይንዎ ማን ላይ ያርፋል? አብዛኛው ሰው የሚያየው አውጪውን ነው፤ ግጥሙን የሚደረድረው፣ ባለቤቱን የሚያሞግሰው እሱ ነውና። እኔ የማየው ተቀባዮቹን ነው። በተለይ ዳር የቆመውን፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቀውን ዓይነ አፋር። ዱላውን ከጓደኞቹ እኩል እየመታ ሲቀበል ያ ልጅ ሌላ ሰው ነው። ድምፁን ማንም ለይቶ ስለማይሰማው ይደፍራል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በስዊድኗ ጎተንበርግ ተመራማሪዎች የ18 ዓመት ወጣቶችን አብረው አዘምረው የልብ ምታቸውን ለክተው ነበር። ረጋ ያለ መዝሙር ሲዘምሩ ልባቸው አብሮ ይፈጥን፣ አብሮ ይዘገይ ጀመር። ነገሩ ከትንፋሽ የመጣ ነው። ስንኝ የሚዜመው ትንፋሽ እየወጣ ነው፤ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ልብ ረገብ ይላል። ስንኙ ለሁሉም እኩል ስለሚያልቅ ሁሉም እኩል ይተነፍሳሉ። የተጨነቀን ልጅ «ተረጋጋ» ብንለው ይብስበታል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲዘምር ግን ትንፋሹ ሳይታወቀው ይረዝማል።

በጀርመኗ ላይፕዚግም የአራት ዓመት ሕፃናት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጫወቱ ተጠንተዋል። እየዘፈኑና እየጨፈሩ የተጫወቱት፣ ያንኑ ጨዋታ ያለ ዘፈን ከተጫወቱት ይልቅ ኋላ ጓደኛቸው ሲቸገር ይበልጥ ረድተዋል።

እኛ ታዲያ በየትምህርት ቤቱ ምን እናደርጋለን? የወላጆች ቀን ሲቃረብ ድምፀ መልካሞቹን እንመርጣለን፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። ይሄ ያናድደኛል! ወላጁ የሞተበት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ «ምን ሆነሃል?» ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ብዙ ጊዜ ከቀሩት መካከል ነው። ሲዘምር ግን ታሪኩን ንገረን የሚለው የለም።

ሁሉንም ማዘመር ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ከበሮ ይበቃል፤ እሱም ከጠፋ ጭብጨባ አለ። ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ አሥር ደቂቃ ይሁን፤ አውጪነቱ በተራ ይዙር፤ ማውጣት ያልፈለገ አይገደድ፤ መምህሯም ቆማ ከማረም ይልቅ አብራ ትቀበል። እንቅልፍና ምግብ ያጣውን ልጅ ግን ባለሙያ ይየው፤ መዝሙር የሐኪምን ቦታ አይሸፍንም።

ለወላጆች ስብሰባ ሲጠሩ፣ ስለ ውጤትና ስለ ክፍያ ከተወራ በኋላ፣ እባክዎ እጅዎን አውጥተው ይጠይቁልኝ፦ ለመድረክ ያልተመረጡት ልጆች የሚዘምሩት መቼ ነው?