ቤከንትሪ፦ ሠራተኛ ቤት ያገኝ በነበረበት ዘመን

በለንደን ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ዳገነም ውስጥ፣ ቤከንትሪ የሚባል ሰፈር አለ። ለአላፊ አግዳሚ ተራ ሰፈር ነው፤ ባለ ሸክላ ቤት፣ ከፊቱ አጥር፣ ከኋላው ጓሮ። እዚያ ተከራይቼ ስኖር ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አዛውንት ያጫወቱኝን ሳስታውስ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ቤከንትሪን መሥራት የጀመረው በ1921 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ለክብራቸው የሚመጥን ቤት ቃል ገብቶ ነበር። በ1919 የወጣው የአዲሰን ሕግ ድጎማ ፈቀደና የኤሴክስ የአትክልት ማሳ የነበረው መሬት በ1935 ወደ 26,000 ቤቶች ያሉት ሰፈር ሆነ። በጊዜው ምክር ቤቶች ካሠሯቸው የመኖሪያ ሰፈሮች በዓለም ትልቁ ነበር።

አዛውንቷ ሕፃን ሳሉ ነው ቤተሰባቸው ከምሥራቅ ለንደን የመጣው። እዚያ በአንድ ክፍል ተፋፍገው፣ መጸዳጃውን ከጎረቤት ጋር ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ቤከንትሪ ሲገቡ ኤሌክትሪክ አለ፣ ጋዝ አለ፣ መጸዳጃው ቤት ውስጥ ነው፣ መታጠቢያ ገንዳም አለ። «እናቴ በገባንበት ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም፤ እኛን በየተራ ስታጥብ ዋለች» አሉኝ። ኪራይ ሰብሳቢው በየሳምንቱ በር ያንኳኳል። ደንቡም ጥብቅ ነበር፦ አጥር ይከረከማል፣ መስኮት ይጸዳል። ጓሮውን ላሳመረ ሽልማት ነበረው፤ አባታቸው አንድ ዓመት በጽጌረዳ ማሸነፋቸውን ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ያ ዘመን ገነት ነበር አልልም። ኪራዩ ለድሃ ድሃው አይቀመስም፣ ቋሚ ሥራ የሌለውም ቤት አያገኝም ነበር። ደመወዝ ላለው ሠራተኛ ግን በር ክፍት ነበር፤ በ1931 የፎርድ ፋብሪካ ዳገነም ሲከፈት ደግሞ ሥራውም ደጃፍ ድረስ መጣ።

ከዚያ 1980 መጣ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ተከራዮች ከአካባቢ ምክር ቤት (ከካውንስል) የተከራዩትን ቤት እንዲገዙ መብት ሰጠ፤ ቅናሹ እንደ ኖሩበት ዘመን ከ33 እስከ 50 በመቶ ነበር። ጎረቤቴም ገዙ። ማን የገዛ፣ ማን ያልገዛ መሆኑ ከመንገድ ይታወቅ ነበር፤ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው የውጭ በሩን ነው። በገዢዎቹ አልፈርድም፤ ዕድሜ ልክ ኪራይ ከፍሎ የራሴ ነው ማለትን ማን ይጠላል? ጥፋቱ ሌላ ነው። ካውንስሎች ከሽያጩ ያገኙትን ገንዘብ ምትክ ቤት እንዳይሠሩበት አብዛኛው ታሰረባቸው። ቤቱ ተሸጠ፤ የቤት ጠባቂዎች ወረፋ ግን እዚያው ቀረ።

የ1988ቱ የቤቶች ሕግ ለአከራይ ተከራይን ማስወጣት አቀለለለት፤ በ1996 ደግሞ ባንኮች ገዝቶ ለማከራየት የሚሆን ብድር አመጡ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት በክፍል በክፍል ይከራይ ጀመር። እኔ የኖርኩበትም እንዲያ ነበር፤ ሳሎኑ ሳይቀር መኝታ ቤት ሆኖ ሌላ ሰው ይኖርበት ነበር።

በ1997 በእንግሊዝ የመካከለኛ ቤት ዋጋ የአንድ ሠራተኛ የሦስት ዓመት ተኩል ደመወዝ ገደማ ነበር፤ በ2021 ዘጠኝ ዓመት ደረሰ። ባርኪንግና ዳገነም ከለንደን ርካሹ ክፍለ ከተማ እየተባለ እንኳ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም እየሠሩ፣ የእኛም ልጆች ዕቁብ ጥለው፣ ለሞርጌጅ የሚጠየቀው ዲፖዚት አልሞላ ይላቸዋል።

ቤከንትሪን የሠራችው እንግሊዝ ከጦርነት የወጣች፣ ዕዳ የተጫናት፣ ከዛሬዋ እጅግ የደኸየች አገር ነበረች። ስለዚህ ዛሬ ባለሥልጣናት «አቅም የለንም» ሲሉ ስሰማ አልቀበላቸውም። የጠፋው ፈቃዱ ነው።