ሊዬዥ፤ የአዲስ መሣሪያ እንከን የሚመረመርባት ከተማ

አዲስ ነገር ሁሉ ጉድለት የሌለበት ይመስላል። ዘይቱ ገና ሳይደርቅ ከሣጥኑ የወጣ ሽጉጥ ደግሞ ከሌላው ዕቃ ይልቅ እንከን የለሽ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሽጉጥም እንደ ማናቸውም ዕቃ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ካዝናው አልወጣ ይላል፣ የፊት ማነጣጠሪያው በጥቂቱ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ወይም ያልተላገ ጠርዝ የጨባጩን እጅ ይልጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከሁለት አሳብ ላይ ይወድቃል፤ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ይለፈው ወይስ ሞረድ አንሥቶ ራሱ ያስተካክለው? ሁለቱም መንገዶች ደግ እንዳልሆኑና ሦስተኛም መንገድ እንዳለ፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የኖረች አንዲት ከተማ ታስተምረናለች። እርሷም በቤልጅግ አገር የምትገኘው ሊዬዥ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወንዙ ዳር እስከ ምሽጉ

ከብራስልስ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሊዬዥ ይደርሳል። ባቡሩ የሚያቆመው በ2009 በተመረቀው፣ በብረትና በመስተዋት በተሠራው የጊይመን ጣቢያ ነው። ሜዝ የተባለው ታላቅ ወንዝ ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ኮረብታዎችም ለብዙ ዘመን የድንጋይ ከሰል ይቆፈርባቸው ነበር። ከሰል፣ ብረትና የወንዝ ውሃ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ሊዬዥን የአንጥረኞች ከተማ አደረጋት፤ አንጥረኝነቷም ወደ መሣሪያ ሥራ መራት።

ወታደር የሆነ ጎብኚ ሳያየው የማያልፈው ነገር ቢኖር የቡረን ደረጃ ነው። 374 እርከኖች ያሉት ይህ ደረጃ ከኮረብታው ራስ ካለው ምሽግ አንሥቶ ወደ መሐል ከተማ በቀጥታ ይወርዳል። ከ1880 ወዲህ የተሠራውም፣ እንደሚባለው፣ በምሽጉ የሰፈሩት ወታደሮች ስም በጎደፉት ጠባብ መንገዶች ሳይዘዋወሩ ፈጥነው ወደ ከተማ እንዲወርዱ ነበር። ይህን ያነበበች የወታደር ባለቤት የአሳቡን ደግነት ሳታደንቅ አትቀርም።

ከደረጃው ግርጌ ጥቂት ሄድ ሲሉ በገበያው አደባባይ ፔሮን የሚባል የድንጋይ ዓምድ ቆሞ ይገኛል። ዓምዱ ለሊዬዥ ሰዎች የነጻነታቸው ምልክት ነው። በ1467 የቡርጎኝ መስፍን ሻርል ከተማይቱን ድል ባደረገ ጊዜ ነቅሎ ወደ ብሩዥ አስወሰደው፤ ሕዝቡም መልሶ ያቆመው መስፍኑ ከሞተ በኋላ በ1478 ነው። ስለዚህ ዓምድ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሊዬዥ ተመርምረው ባለፉ መሣሪያዎች ብረት ላይ የዚሁ ዓምድ ትንሽ ምስል ተመትቶ ስለሚገኝ ነው። ከተማይቱ በመሣሪያው ላይ የምታትመው ክብሯን ነው ማለት ነው።

የፈተናው ቤት

በ1672 የሊዬዥ ገዥ የነበሩት ልዑል ጳጳስ ማክሲሚሊያን ሄንሪ የጠመንጃ አፈሙዝ እንዲፈተን በአዋጅ አዘዙ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራ አልነበረም፤ አንዱ አፈሙዙን፣ ሁለተኛው ምላጩን፣ ሦስተኛው እንጨቱን በየቤቱ እየሠራ ለነጋዴው ያስረክብ ነበር። ብዙ እጅ በገባበት ሥራ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ሻጩም የራሱን ዕቃ ራሱ መርምሮ «ደኅና ነው» ቢል ገዢው በቀላሉ አያምነውም። ስለዚህ የሠሪውም የሻጩም ወገን ያልሆነ መርማሪ አስፈለገ።

ያ የፈተና ቤት እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። ለሽጉጥ የሚደረገው ፈተና እንደሚከተለው ነው። መሣሪያው በመጀመሪያ በዓይንና በመለኪያ ይታያል። ቀጥሎም ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በ30 ከመቶ የሚበልጥ ግፊት የሚያወጣ ልዩ ጥይት ይተኮስበታል። ከዚያም እንደገና ይመረመራል፤ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም የላላ ነገር ከተገኘበት ማኅተም አይመታበትም። ካለፈ ግን በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት፣ በላያቸውም ዘውድ ያለበት ምልክት ይታተምበታል። ይህም ሥርዓት በሌሎች አገሮች ዘንድ እንዲታወቅ በ1914 በዚያው በሊዬዥ አነሣሽነት ዓለም አቀፍ የመሣሪያ መፈተኛ ጉባኤ ተቋቁሟል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ማኅተሙ የሚመሰክረው አፈሙዙ በተኳሹ ፊት እንደማይፈነዳ ነው እንጂ፣ ካዝናው በቀላሉ እንደሚወጣ ወይም ማነጣጠሪያው ቀጥ ያለ እንደሆነ አይደለም። ታላቁን አደጋ ከተማይቱ መርምራ ትለያለች፤ ትንሹን ጉድለት መርምሮ ማግኘት ግን ለባለቤቱ የተተወ ድርሻ ነው።

ከሔርስታል የወጣ ሽጉጥ

ሜዝን ተከትሎ ወደ ታች ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ሔርስታል ይደርሳል። በ1889 ለቤልጅግ ጦር 150,000 የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ፋብሪክ ናሲዮናል የተባለው ኩባንያ የተቋቋመው በዚህ ስፍራ ነው። የሔርስታል ሥራ ለኢትዮጵያም እንግዳ አልነበረም፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቤልጅግ መኰንኖች የክቡር ዘበኛን ጦር ሲያሠለጥኑ፣ የዚህ ፋብሪካ ጠመንጃም ለኢትዮጵያ ተሸጦ ነበር።

ዝነኛው አሜሪካዊ የመሣሪያ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግም ሽጉጦቹን ያሠራው በዚሁ ፋብሪካ ሲሆን፣ በኅዳር ወር 1926 ያረፈውም በሔርስታል ነው። እርሱ የጀመረውን አንድ ሽጉጥ የቤልጅጉ ተወላጅ ዲየዶኔ ሴቭ ፈጸመው፤ በ1935ም «ግራንድ ፑዊሳንስ» ማለት «ታላቅ ኃይል» የሚል ስም ተሰጥቶት ወጣ። 13 ጥይት የሚይዝና ከሃምሳ በሚበልጡ አገሮች የታወቀ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ባለቤቶቹ ሁለት ነገሮችን «ጉድለት» እያሉ ሲነቅፉ ኖረዋል።

አንደኛው መዶሻው ነው። ሽጉጡ በተተኰሰ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለሰው መዶሻ ትልቅ እጅ ያለውን ተኳሽ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ ይነክሰዋል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ተኳሹ ንክሻውን እየፈራ እጁን ያዛባል፣ እጁ ሲዛባም ጥይቱ ይስታል።

ሁለተኛው ካዝናው ነው። ካዝናው ሲወልቅ ሽጉጡ ፈጽሞ አይተኩስም፤ ይህን የሚያደርገው ትንሽ ክፍልም ምላጩን ያከብደዋል፣ ካዝናውም ሲለቀቅ በነጻ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ብዙዎች ይህን የፋብሪካ ስሕተት ነው ብለው ያን ክፍል አውጥተው ጥለውታል። ነገር ግን ስሕተት አልነበረም። ሽጉጡ ሲታቀድ የፈረንሣይ ጦር እንዲኖር የጠየቀው የመጠበቂያ ዘዴ ነበር፤ ካዝናውን ያወጣ ወታደር ጉሮሮው ውስጥ የቀረውን ጥይት ረስቶ ምላጩን ቢስብ ሰው እንዳይሞት የታሰበ ነው። ያን ክፍል ያወጣ ሰው ምላጩን ሲያቀል ሞትንም አቅልሎ አስጠግቷል።

ፋብሪካው ሽጉጡን በአዲስ መልክ ያወጣው በ2022 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመዶሻው ንክሻ ቀረ፤ ያ የካዝና መጠበቂያም በሠሪዎቹ ውሳኔ ተነሣ። ከ80 ዓመታት በላይ የቆየ ጉዳይ ነው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ጉድለት የሚመስል ሁሉ ጉድለት አለመሆኑን፣ እውነተኛውንም ጉድለት ማረም የሚገባው የመላውን መሣሪያ አሠራር የሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው።

የሔርስታል ሴቶች

ሔርስታልን የሚያነሣ ጽሑፍ ሴቶቿን ሳያነሣ ቢያልፍ ጎደሎ ይሆናል። በፋብሪካው በብዙ መኪናዎች ላይ ቆመው፣ በዘይትና በጩኸት መካከል የመሣሪያ ክፍሎችን የሚያወጡት ሴቶች ነበሩ። መኪናውን አስተካክሎ የማስነሣት ሹመትና የተሻለ ደመወዝ ግን ለወንዶች ብቻ የተጠበቀ ነበር። በ1957 የተፈረመው የሮማ ውል ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ቢደነግግም ቃሉ በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር።

በየካቲት 16 ቀን 1966 ሦስት ሺህ የሚያህሉ ሴቶች መኪናቸውን አቁመው ወጡ። የደመወዙን ልዩነት ትንሽ ነገር ነው ይሉ የነበሩ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ስሕተታቸውን ተረዱ፤ ሴቶቹ የሚያወጡት ክፍል በመቋረጡ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶችም ሥራ ፈቱ። መሣሪያ አንዲት ትንሽ ክፍል ስትጎድልበት እንደሚቆም፣ ፋብሪካውም ቆመ። አድማው ከ11 ሳምንታት በላይ ቆይቶ በግንቦት 5 ቀን ሲያበቃ ሴቶቹ ከጠየቁት ከፊሉን አገኙ፤ ድምፃቸው ግን ከቤልጅግ አልፎ በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። በትዳርም ቢሆን ትንሽ ተብሎ የታለፈ በደል እንዲሁ ሲከማች እንደሚኖር ባለትዳር ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ለባለቤቱና ለቤቱ

እንግዲህ አዲስ ሽጉጥ የገዛ ሰው ከዚህች ከተማ ልማድ ምን ይውሰድ?

በመጀመሪያ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ። ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጣ፣ ከዚያ የላዩን አካል ወደ ኋላ ስቦ ጉሮሮውን በዓይኑ ይይ፣ በጣቱም ይዳስስ። ካዝናውን ሳያወጣ የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል።

ሁለተኛ፣ ሽጉጡን ከመተኰሱ በፊት ያጽዳው። ፋብሪካዎች ዕቃው በመጋዘን እንዳይዝግ ወፍራም ዘይት ይቀቡታል፤ ከአዲስ ሽጉጥ መጨናነቅ አንዳንዱ የሚመጣው ከዚሁ ዘይት ነው።

ሦስተኛ፣ ጉድለቱን ይመዝግብ። በስንተኛው ጥይት፣ በምን ዓይነት ጥይት፣ በየትኛው ካዝና እንደታየ ይጻፍ። ሁለት ካዝናዎች ካሉት ቁጥር ይስጣቸው፤ ችግሩ ካዝናውን ተከትሎ ከሄደ ሞላው ወይም ከንፈሩ ነው፣ በሁለቱም ከታየ ግን ሽጉጡ ራሱ ነው። በሚገባ የተጻፈ ማስታወሻ ለመሣሪያ ጠጋኙ ግማሽ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ሞረድ አያንሣ። የመሣሪያ ክፍሎች ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በላይኛው ስስ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ገጽ ከተፋቀ ብረቱ በቶሎ ያልቃል። ምላጩ መዶሻውን የሚይዝበት ጥርስ በፀጉር ውፍረት ቢላጭ ደግሞ ሽጉጡ ሲወድቅ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። በተጨማሪም በባለቤቱ እጅ የተነካካ ዕቃ ሻጩ መልሶ አይቀበልም። ስለዚህ ከነማስታወሻው ለክፍሉ መሣሪያ ጠጋኝ ወይም ለሻጩ ያቅርብ።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ቃል አለን። ጉድለት ያለበት ሽጉጥ እስኪጠገን ድረስ ከትራስ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ባዶውን ይቆለፍበት፤ ጥይቱም በሌላ ስፍራ ለብቻው ይቆለፍበት። ባልዎ በምሽት ከማዕድ ገበታ አጠገብ ሽጉጥ ፈትቶ መነካካት ቢጀምር፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ፤ ነገ ለጠጋኙ እንዲሰጠውም በትሕትና ያሳስቡት። ይህ የፍርሃት ምልክት አይደለም። በሊዬዥ ከ1672 ጀምሮ እንደተደረገው፣ ከሠሪውና ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሦስተኛ ዓይን መኖር ይገባዋል፤ በየቤታችንም ያ ዓይን የእርስዎ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።