ድንኳን ስንጥል "ማን ሞተ?" አትበሉን

እኔ አለሁላችሁ… በሥራ ተወጥሬ። ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራስ ሥራ ነው። የቤተሰባችን "የጉዞ አስተባባሪ" ተብዬ ተሹሜአለሁ። የተሾምኩት ደግሞ ኃላፊነት ስለሚሰማኝ እንዳይመስላችሁ። ሌሎቹ ወይ ውጭ አገር ናቸው፣ ወይ ልጅ ታቅፈዋል፣ ወይ ስልክ አያነሱም። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አላገባሁም፣ ስልክ አነሳለሁ። በቃ፣ ተሾምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ቤተሰብ ሥሩ ሁሩታ ነው። ሁሩታን ለማታውቁ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ ዴራን አልፋችሁ ኢተያ ላይ ወደ ምሥራቅ ትታጠፉና ስንዴው መሀል ትገኛለች። በስተደቡብ የገለማ ተራሮች እንደ አጥር ተገትረዋል። እምዬ (አያቴ ናቸው) ሰባት ልጆች ወልደው ያሳደጉት እዚያ ነው። ዛሬ ልጅና የልጅ ልጅ ስንቆጠር 31 ነን። ሁሩታ፣ አሰላ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ፣ ቤይሩት፣ ሚኒያፖሊስ… እንደ ዘር ተበትነናል።

ታዲያ ሚኒያፖሊስ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አንድ ቀን ምን ብላ ጻፈች መሰላችሁ? "ዘንድሮ ሁላችንም እንገናኝ። ግን ሶፋ ላይ ተደርድረን ፎቶ ከምንነሳ ለምን ባሌ ተራሮች ሄደን ድንኳን ጥለን አንሰነብትም?" እሷና ልጆቿ በየክረምቱ ሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ ባውንደሪ ወተርስ የሚባል በሐይቅ የተሞላ ዱር ይሄዳሉ። ታንኳ እየቀዘፉ፣ መሬት ላይ እየተኙ፣ በትንኝ እየተበሉ… ከፍለው!

መልእክቱ እንደደረሰ እናቴ ደወለችልኝ።

"ጫካ ነው የሚሉት? ምን አጥፍተን ነው ጫካ የምንገባው?"

የምር ግን አልፈረድኩባትም። በኛ አገር "ጫካ ገባ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እምዬማ ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "ሰው ጫካ ሲገባ ነው ከዘመዱ የሚለየው፤ እናንተ ለመገናኘት ጫካ ትገባላችሁ?" አሉ። ቀጥለውም "ድንኳኑስ? ማን ሞቶ ነው?"

አያችሁ፣ ለሚኒያፖሊሶቹ ድንኳን ማለት መዝናኛ ነው። ለኛ ሰርግ ነው ወይም ለቅሶ። በኛ ቤት ደግሞ ሁላችንም አንድ ድንኳን ሥር የተቀመጥነው ለመጨረሻ ጊዜ አያቴ ሲሞቱ ነበር። የዛሬ 11 ዓመት። ያኔም ቢሆን አባቴና ታላቅ ወንድሙ (ጋሽዬ ነው የምንላቸው) አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ጠቡ ከቤቱ ነው። አያቴ የሠሩት ቤት ለማን ይሁን በሚል ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ ሄደ። አሁንም ውሳኔ የለም። እምዬ አንዲት ሞግዚት ይዘው ይኖሩበታል። ልጆቻቸው በየተራ እየመጡ ይጠይቋቸዋል። በየተራ ያልኩት እንዳይገናኙ ተጠባብቀው ማለቴ ነው።

የሚኒያፖሊሷ እህቴም ሐሳቡ ዝም ብሎ አልመጣላትም። በ2014 ለገና ዲያስፖራው ወደ አገር ቤት ይግባ ተብሎ ጥሪ ሲደረግ እሷም ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር። ገናን በአንድ ቀን ሁለቴ አከበረች። ረፋዱ ላይ እኛ ቤት ዶሮ ወጥ በላች። ከሰዓት ጋሽዬ ቤት ሄዳ "ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም" ብላ እንደገና በላች። ልጇ በእንግሊዝኛ "በልተናል እኮ!" ሊል ሲል እግሩን ረገጠችው። አሁን ለብቻዬ ስታወራኝ "ባሌ የመረጥኩት ለቀበሮው ብቻ አይደለም" አለችኝ። "እዚያ ባለቤት የለም። ማንም የማንም እንግዳ አይሆንም።"

ይኼን ከሰማሁ ወዲህ ነው ሥራውን ከልቤ የያዝኩት።

እንግዲህ ወደ እቅዱ። መጀመሪያ ቀን መቁረጥ ነበረብን፤ ቀን መቁረጥ ደግሞ እንደዚህ ጣጣ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። የአሜሪካ ልጆች ረጅም እረፍታቸው የኛ ክረምት ላይ ነው። ባሌ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን ኩሬ ውስጥ ነው የምናድረው። የደረቁ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው፣ ያኔ ግን ሌሊቱ ውሃ ያቀዘቅዛል ሳይሆን በረዶ ያደርጋል። ለገና እንዳይባል ልጆቹ ገና ሳይደርስ ትምህርት ይጀምራሉ። ቤይሩት ያለችው የአጎቴ ልጅ ደግሞ እረፍቷ በእጇ አይደለም፣ በማዳም እጅ ነው። ኮንትራቷ ሲያልቅ ብቻ ነው የምትወጣው፤ ከዚህ በፊት ትኬት ተቆርጦላት ቀርታለች። በመስከረም 2017 ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ "አለሁ" የምትል አንዲት ቃል እየጠበቅን ስልክ ታቅፈን ያደርን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሁላችንም ተነጋገርንና ቀኑን የምትቆርጠው እሷ ናት አልን። ማዳም "ታኅሣሥ አጋማሽ" አለች። የቤተሰባችን መገናኛ በማዳም ተወሰነ!

ይህችው ልጅ ግን ስለ ድንኳኑ ስንነግራት በድምፅ መልእክት ምን አለች? "እኔ ሰው ቤት በረንዳ ላይ መሬት ተኝቼ አውቃለሁ። በገዛ ገንዘቤ አገሬ ገብቼ ለምንድነው መሬት የምተኛው?"

ግሩፑ ጸጥ አለ። ለሁለት ቀን አንድም ሰው የእንቅልፍ ከረጢት ፎቶ አልለጠፈም። እኔ የምለው፣ "ጀብዱ" የሚባለው ነገር አልጋ ያለው ሰው የሚጫወተው ጨዋታ ይሆን እንዴ? ለማንኛውም ዲንሾ ፓርኩ ዋና ቢሮ አጠገብ አልጋ ያለው ማረፊያ አለ። አንድ ክፍል በእሷ ስም ተይዟል፣ ከነፍራሹና ከነብርድ ልብሱ። ድንኳን የፈለገ ድንኳን፣ አልጋ የፈለገ አልጋ።

ከዚያ የመንገዱ ጉዳይ መጣ። ሚኒያፖሊስ ያለው ባሏ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ "ሮቤ እኮ ለሁሩታ ቅርብ ነው!" ብሎ ብስራት አሰማ። አዎ፣ አርሲ ሮቤ ቅርብ ናት፣ በዚያው በምሥራቁ መንገድ። እኛ የምንፈልጋት ግን የባሌዋን ሮቤ ነው። ለሷ ወደ አሰላ ተመልሰን፣ ሳጉሬን፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያበቀለችውን በቆጂን፣ አሳሳን፣ ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ነው ዲንሾ የምንደርሰው። ከሮቤ በፊት ማለት ነው። ሰውዬውን ብንተወው ኖሮ ድንኳኑን አርሲ ሮቤ አደባባይ ይተክለው ነበር። እናቴ ደግሞ በየሳምንቱ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "መንገዱ ሰላም ነው?" ይኼን ጥያቄ ዛሬ በኢትዮጵያ መንገድ የሚወጣ ሁሉ ይጠይቃል፣ እኔም እጠይቃለሁ። ካርታ አይመልሰውም። የምደውለው ከአዳማ ባሌ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ነው። ለሁሩታዎቹም፣ ለአሜሪካዎቹም የነገርኩት አንድ ነው፦ በሌሊት አንጓዝም፣ ሾፌሮቹ "ቆዩ" ካሉን እንቆያለን።

ቀጥሎ ከፍታው። ሁሩታ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዲንሾ 3,000ን ታልፋለች። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377። የሚኒያፖሊስ ልጆች 250 ሜትር ላይ ነው የሚኖሩት! በአንድ ቀን ሽቅብ ከወሰድናቸው ራስ ምታትና ማስታወክ ነው የሚጠብቀን። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ዲንሾ ማደር፣ ከዚያ ሳነቴን ቀን ወጥቶ ቀን መውረድ። ደም ብዛት ያለባት እታለም ሐኪሟን ጠይቃ ነው የምትመጣው፤ ሐኪሟ "አይሆንም" ካላትም ዲንሾ ሆና የደጋ አጋዘን ማየት ትችላለች፣ እዚያው ቢሮው አካባቢ ዛፉ ሥር ይንጎራደዳሉ። አጋዘኗን የት አውቃት ይሆን ካላችሁ ኪሳችሁን ፈትሹ። አሥር ሳንቲሟ ላይ ያለችው እሷ ናት። ለአሜሪካ ልጆች በፖስታ አንዳንድ አሥር ሳንቲም ልኬላቸዋለሁ። ዋጋ የሌላት ሳንቲም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘች።

ምግብ? ይኼኛው ቀላል ሆነ። እታለም ያገባችው ሙስሊም ነው፤ በየድግሱ ሁለት ሥጋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ነው። ታኅሣሥ ግን የነቢያት ጾም ስለሆነ ሁሉም ሰው ሽሮ ይበላል። ችግሩ በ4,000 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነውና ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ ያስለቅሳል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሽሮ በቡታጋዝ። እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። ውሻም ክልክል ነው፤ ትንሹ የወንድሜ ልጅ የእምዬን ውሻ ካልያዝን ብሎ አልቅሶ ነበር። በዓለም ላይ 500 ገደማ ቀይ ቀበሮ ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ በፈረንጆቹ 2003 ደግሞ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል ብዬ ባስረዳው ጊዜ "የኛ ውሻ እብድ አይደለም" ብሎኝ አረፈ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው። ከባዱ ለጋሽዬ መንገር ነበር።

ደወልኩላቸው። አዳመጡኝና "በዳን ትታችሁ ባሌ?" አሉ። "ፓርክ ነው ብለህ የምትነግረኝ? ባሌ ፓርክ የሆነው በ1962 ነው፣ በ2016 ደግሞ ዓለም መዝገብ ላይ ተጻፈ፣ እሰማለሁ። ጭላሎና ገለማስ ፓርክ ከሆኑ ከአሥር ዓመት በላይ አይደለም? ከግቢያችን የሚታየውን ተራራ ትታችሁ ትሄዳላችሁ?"

ደነገጥኩ። እውነታቸውን ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እዚያው ከጀርባችን ነው፤ አጋዘንም ቀይ ቀበሮም አለበት። እንዲያውም አጋዘኗን የፈረንጅ ሳይንስ ያወቃት በ1908 እ.ኤ.አ. በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ እዚሁ አርሲ ተራሮች ላይ ገድሏት ነው፣ በላቲን በሱ ስም ትጠራለች። (የኛ ቅድመ አያቶች በየቀኑ እያዩዋት ስም የሚሰጥ ጠፍቶ!)

ጋሽዬ ግን አላበቁም። በልጅነታቸው ከብት ይዘው ገለማ ላይ ሲከርሙ ያዩትን ነገሩኝ። ቀይ ቀበሮውን በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ነው የምንለው አሉ፣ የፈረስ ቀበሮ። ባዝራ ልትወልድ ስትል እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ብርዱን፣ ጭጋጉን፣ አንድ ጥጃ ጠፍቶባቸው ሌሊቱን ሙሉ የፈለጉትን… "ያን ሌሊት አባትህ አብሮኝ ነበር" አሉና ዝም አሉ። ስማቸው እንደ ክስ መዝገብ ተቃርኖ ከሚጻፍ ወዲህ "አባትህ" ሲሉ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

ይኼን ለእምዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ናቸው መፍትሔውን ያመጡት። "እንግዲህ ድንኳን ካላችሁ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት እኔ ግቢ ጣሉት" አሉ። "ቤቱ ነው እንጂ የሚከሰሰው፣ ሣሩ አልተከሰሰ። ቤት ማንም አይግባ። እኔም ውጭ አድራለሁ። ጠዋት ገለማን በሩቅ እያያችሁ ቁርሳችሁን በሉና ወደምትሄዱበት ሂዱ።"

ሚኒያፖሊስ በደስታ ጮኸች። እኔ ለእምዬ ፍራሽ እያፈላለግሁ ነው፤ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው መሬት አላስተኛቸውም።

አባዬ "አልሄድም" ነበር ያለው። ባለፈው እሁድ ግን እራት እየበላን፣ ዓይኑን ከሰሀኑ ሳያነሳ "ሳነቴ እንዴት ነው ብርዱ?" አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ "ያ የአባባ ካቦርት ማን ጋ ነው ያለው?" አለ። ካቦርቱ ጋሽዬ ጋ ነው። ማታውኑ ደወልኩላቸው። "ይዤለት እመጣለሁ በለው" አሉ። "እሱ ድሮም ብርድ አይችልም።" ለአባዬ "ካቦርቱ ይመጣል" ብቻ ነው ያልኩት።

አሁን የቀረኝ የመኪና ድልድል ነው። ሁለት ሚኒባስ ተከራይተናል። አባዬና ጋሽዬ ሁለቱም ከኋላ ሲቀመጡ ያስመልሳቸዋል፣ ሁለቱም ጋቢና ካልሆነ አይሄዱም። የመጀመሪያዋ መኪና ጋቢና ሁለት ሰው ይይዛል፣ የሁለተኛዋን ደግሞ ጋቢና ለእታለምና ለቤይሩቷ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ከሁሩታ ዲንሾ ግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስካሁን የነገርኩት ለሾፌሩ ብቻ ነው።