ወገቤን ማን ይንካው? በወጌሻና በካይሮፕራክተር መካከል

ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ፣ ኡበርና የጭነት መኪና የሚነዱ ሐበሾች ቡና ላይ ሲገናኙ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወገብ ላይ ይደርሳል። አንዱ መቀመጫው ላይ ትራስ ደርቧል፤ ሌላው ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሯል። «እኔን ያዳነኝ ካይሮፕራክተር ነው» የሚል አይጠፋም፤ ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ ወጌሻ እስኪያየው ድረስ ጥርሱን ነክሶ የሚነዳም አለ። የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ከዘመዶቼ ገሚሱ ደግሞ ቡታጅራ ነው። ስለዚህ «ካይሮፕራክተር ልሂድ ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ካሉት ይመጣብኛል፤ «ወጌሻው አሽቶኝ አልተሻለኝም፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ደግሞ ከወዲያ በስልክ ይደርሰኛል። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የሁለቱም እጅ ወገቤን ነክቶታል፣ ስለ ሁለቱም የተጻፈውን ፈልጌ አንብቤያለሁ፤ ከዚያ የደረስኩበትን በአንድ ቦታ ልጻፈው።

በእኛ አገር ወገብ የሚታመመው በምክንያት ነው። እንሰት የሚፍቁ እናቶቻችንን ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው እንሰቱን ዘንበል ካለው ጣውላ ጋር በተረከዛቸው አጣብቀው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ሲፍቁ ይውላሉ። ከዚያ ቆጮውን መቅበር፣ ማውጣት፣ መጭመቅ፣ ተሸክሞ ገበያ መውጣት አለ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ፣ ሚኒባስና ጫት የጫነ አይሱዙ የሚነዳው ወጣት አለ፤ ወልቂጤ የጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናትና ሹፌር አታጣም። ያው ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባ የሚቀመጠው በሌላ መሪ ፊት ነው። ሰዓቱ ይረዝማል፣ ወገቡ ግን ያው ነው።

ወጌሻ ዘንድ በቀጠሮ አይኬድም። ጎረቤት ይጠቁማል፤ «እገሌ የአባቱን እጅ ወርሷል» ይባላል፤ ሙያው በዘር የመጣ መሆኑ ራሱ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ወጌሻው የት እንደወደቅህ፣ ምን እንዳነሳህ ይጠይቃል። ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ በአውራ ጣቱ አከርካሪህን ከላይ እስከ ታች ይዳስሳል፤ «እዚህ ጋ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ አይስትም። ያሻል፣ ይስባል፣ አንዳንዴ ቀጭ ያደርጋል፣ በመጨረሻ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያስራል። ክፍያው እንደ አቅም ነው፤ ከተማ ውስጥ ታሪፍ ያወጡም አሉ።

ስለ ወጌሻ ሲወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ግን ከሁሉ የምጠቅሰው እሱን ነው። ወጌሻው ያውቅሃል። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ምን እንደምትሠራ፣ ቤትህ ውስጥ ማን እንደሚሸከምና ማን እንደሚያሸክም ያውቃል። አንዲትን ሴት «እስክትጠገኚ እንሰት አትፍቂ፣ እንስራም አታንሺ» ሲላት አማቷ ፊት ነው የሚናገረው፤ ቤተሰቡም ይሰማል። በእርሱ ቃል የተገኘችው ዕረፍት ከማሸቱ እኩል ሳታድናት አትቀርም ብዬ አምናለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አለቃዬና የቤት አከራዬ ፊት ቆሞ እንዲህ የሚናገርልኝ ባለሙያ የለም።

ካይሮፕራክተር ቤት ስትገባ ቅጽ ትሞላለህ፣ የኢንሹራንስ ካርድህን ትሰጣለህ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአከርካሪ ሥዕል እያየህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ምርመራ አለ፤ ቀጥሎ አልጋው ላይ ያስተኛህና በእጁ ፈጠን ያለ ግፊት ይሰጥሃል። ብዙ አይቆይም። ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት ከተማ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል በማግኔት እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው፣ ሃርቬይ ሊላርድ የተባለ ጥቁር የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛን አከርካሪ ገፍቶ ጆሮው ተከፈተ አለ። ፓልመር ከዚያ ተነስቶ በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው አከርካሪ ከቦታው ሲንሸራተት ነው ወደሚል ትምህርት ሄደ። ይህን ሳይንስ አልደገፈውም። የእኛ ወጌሻ በዚህ በኩል ይበልጠዋል፤ አጥንትና ጅማት እነካለሁ ይላል እንጂ ደንቆሮ አድናለሁ አይልም።

ፓልመር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1906 ያለ ፈቃድ ሕክምና ሰጥተሃል ተብሎ ታስሯል። ሙያው በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ሉዊዚያና በመጨረሻ ስትቀበለው ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከካይሮፕራክተሮች ጋር እንዳይሠሩ ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆየ፤ እነርሱም ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ማኅበሩ የውድድር ሕግ ጥሷል ብለው ፈረዱ። ዛሬ ካይሮፕራክተር ለመሆን ከተወሰነ የኮሌጅ ትምህርት በኋላ አራት ዓመት ገደማ መማር፣ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ወጌሻውና ካይሮፕራክተሩ በእጅ ሥራቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ግን ሕግ ፊት ቆሞ ተከራክሮ ወረቀት ይዞ ወጣ፣ ሌላው አሁንም በጎረቤት ቃል ይሠራል።

ታዲያ መገፋቱ ይጠቅማል? ይጠቅማል፣ በመጠኑ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ድንገት የጀመረ ተራ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ ምንም ቢደረግ ከጊዜ ጋር እንደሚሻል ገልጾ፣ ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ ማሸት፣ አኩፓንክቸር ወይም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ሊሞከር ይችላል ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከአካል እንቅስቃሴና ከትምህርት ጋር ማሸትንና አከርካሪን በእጅ መሥራትን ጠቅሷል፤ የወገብ ቀበቶንና መጎተትን ግን አልመከረም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ድርጅቱ ይገልጻል። ስለዚህ እዚህ ያለው ወንድሜ ካይሮፕራክተር ሄዶ ቀለለኝ ቢለኝ አምነዋለሁ፤ አክስቴም ወልቂጤ ታሽታ ቀለለኝ ብትለኝ አምናታለሁ።

ቀጭ ስለሚለው ድምፅ ግን ሁለቱም ቤት የሚባለው ልክ አይደለም። «አጥንቱ ገባ» ይባላል። ድምፁ የሚወጣው በመገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ መካከል የጋዝ ክፍተት ሲፈጠር ነው፤ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጣት ቀጭ ሲል በኤምአርአይ አይተው አሳይተዋል። የጮኸ አከርካሪ ሁሉ ተመልሷል ማለት አይደለም፤ ያልጮኸም አልዳነም አይባልም።

አገር ቤት የሚያስፈራኝ ሳይታወቅ የሚያልፈው በሽታ ነው። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በአገራችን አለ፤ ሲጀምር እንደ ማንኛውም የወገብ ሕመም ነው። ቡታጅራ ያለች የዘመዴ ልጅ ወገቧን እያመማት ወራት ቆየች። አንዱ ወጌሻ ብርድ ነው ብሎ ደጋግሞ አሻት፤ ዋግምትም ተሞከረላት። ልጅቷ እየከሳች፣ ሌሊት በላብ እየተጠመቀች ሄደች። ሁለተኛ የተወሰደችባቸው አረጋዊ ወጌሻ አከርካሪዋን ዳሰስ አድርገው እጃቸውን አነሱ፤ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት» አሉ። ምርመራው የነቀርሳ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ ወራት ወስዳ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች። በነቀርሳ የተበላን አከርካሪ መግፋትና መሳብ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። እኚያ አረጋዊ የሚነበብ ወረቀት የላቸውም፤ ለእኔ ግን ትልቁ የሙያቸው ምስክር እጃቸውን ያነሱበት ሰዓት ነው።

እዚህ ደግሞ የሚያስፈራኝ የማያልቀው ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኤክስሬይ ያነሳህና፣ ሥዕሉን እያሳየ፣ ለወራት የሚቆይ የቀጠሮ ፓኬጅ በቅድሚያ ክፈል የሚልህ ቤት አለ። የመኪና አደጋ ከደረሰብህ ጠበቃው ራሱ ወደ ካይሮፕራክተር ይመራሃል፤ ሒሳቡ በጨመረ ቁጥር ካሳውም ይጨምራል የሚል ስሌት አለበት። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ ሠርተው፣ እንቅስቃሴ አስተምረው፣ «በቃህ፣ አትምጣ» የሚሉም አሉ፣ እኔም አግኝቻለሁ። ነገር ግን የአረጋውያን ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር እንኳ አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ሲከፍል፣ መሻሻል ቆሞ ለማቆያ ያህል ብቻ የሚደረገውን አይከፍልም፤ ካይሮፕራክተሩ የሚያዝዘውን ኤክስሬይም አይሸፍንም። የአሜሪካ መንግሥት የማይከፍልበትን ታክሲ ነጂው ከኪሱ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለጠየቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ መቀመጫህና በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘ፣ እግርህ እየከዳህ ከሄደ፣ ማንንም ሳታማክር ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰር፣ ከባድ ውድቀት ወይም አደጋ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አልጋ ላይ አትቅር፤ ተራመድ፣ ወገብህን አሙቅ፣ ሥራህን በምትችለው መጠን ቀጥል። ሳምንታት አልፈው ካልተወህ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ካይሮፕራክተር መሞከር ተገቢ ነው። እኔ ብመርጥ ፊዚዮቴራፒስቱን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ቤት ይዤ የምሄደው እንቅስቃሴ ይሰጠኛል። ካይሮፕራክተሩን ከመረጥክ ከመተኛትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቀው፦ የትኛውን በሽተኛ ሳትነካ ወደ ሐኪም ትልካለህ? ካልተሻለኝስ መቼ እናቆማለን? የማይልከው ሰው የለም ካለህ፣ ማቆሚያም ከሌለው፣ ጫማህን አስረህ ውጣ።

አንገት ሌላ ጉዳይ ነው። አንገትን በፍጥነት ማጠማዘዝ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ ከመቀደድና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል፤ ብርቅ ነው፣ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። ለወገብ ሕመም ብዬ ሄጄ አንገቴን አላስነካም፤ ፀጉር ቤትም ቢሆን አንገቴን ቀጭ አላስደርግም። ከአገር ቤት ሊጠይቁን የሚመጡ እናቶቻችንም አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ ወደ ካይሮፕራክተር አልወስዳቸውም።

እዚያ ላሉት ደግሞ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ወልቂጤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ቡታጅራ አጠቃላይ ሆስፒታሉ አሉ፤ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ደግሞ የካቶሊክ የሕክምና ሚስዮን እህቶች እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈቱት አጣጥ ሆስፒታል አለ፤ የገጠሩ ሰው ዛሬም ያምነዋል። የጎደለው በሆስፒታሉና በወጌሻው መካከል ያለው መንገድ ነው። ሐኪሙ ወጌሻውን የሚያየው በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ የጠቆረ እግር ሲመጣበት ብቻ ነው፤ ወጌሻውም ሆስፒታልን የሚያውቀው እግር የሚቆረጥበት ቤት አድርጎ ነው። ይህ ሊቀየር እንደሚችል ግን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ባወጣው ጽሑፍ፣ በአገራችን ገጠር ወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በጋንግሪን የሚቆረጠው እጅና እግር ቀንሷል።

ለወገብ የሚያስፈልገው ትምህርት ከዚያ አይረዝምም። የከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ እግሩ የከዳው፣ ሽንቱ ያመለጠው ሰው ሲመጣ ሳይነኩ መላክ፤ የላከውንም ወጌሻ ሐኪሙ በአክብሮት ተቀብሎ ውጤቱን መልሶ መንገር። በ1950ዎቹ ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ የራሱን መንገድ የሠራ የጉራጌ ሕዝብ ልጆች ነን። ዩኒቨርሲቲው ወይም ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉባቸው ዞኖች ጤና መምሪያዎች ይህን ሥልጠና እንጀምር ቢሉ፣ ለመስቀል የምንገባው ከአንድ ወር የካይሮፕራክተር ክፍያችን ባነሰ መዋጮ የወጌሾቹን አበልና የአዳራሹን ወጪ እንችለዋለን።